የእንግዴ ልጅና የቁስል ፈውስ

በጎንደርና በዙሪያው ደጋ ሕፃን በቤት ሲወለድ የእንግዴ ልጁ በግቢ ይቀበራል፤ በጤና ጣቢያ ሲወለድ ደግሞ ለዚሁ በተዘጋጀ ጉድጓድ ይገባል። በሌላው ዓለም ግን ሐኪሞች ከእርሱ ስስ ሽፋን ወስደው የማይድን ቁስልን ያክሙበታል። እንግዲህ አንዲት ክርስቲያን እናት ይህን እንድትለግስ ብትጠየቅ ምን ትመልስ? ለዚህ አስቀድሞ የነገሩን ባሕርይ ማወቅ ይገባል።

የሽርት ውሃውን የያዘው ከረጢት በውስጥ በኩል አምኒዮን የሚባል ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የሚገኘው ሕፃኑ ከተገኘበት ከዚያው ፅንስ ነው፤ አማርኛችንም «ልጅ» ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይመስልም። ጆን ስቴጅ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የፅንስን ሽፋን ለቆዳ ጥገና እንደ ተጠቀሙበት የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

ቁስል በሚድንበት ጊዜ በመጀመሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ጀርሙንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ከዚያ ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን ክር እያወጡ ጉድጓዱን ይሞላሉ፤ የቆዳ ሕዋሳትም ከዳር ወደ መሀል እየተጓዙ ይሸፍኑታል። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሥራው በመጀመሪያው ደረጃ ይቆማል፤ ቁጣው አይበርድም፤ ጠጋኞቹም ይደክማሉ። አምኒዮን እዚህ ላይ ሲደረግ ቁጣውን ያበርዳል፤ በውስጡ ያሉት የእድገት ፕሮቲኖች ፋይብሮብላስቶችን እንዲበዙና እንዲንቀሳቀሱ ያነሣሣሉ፤ ለቆዳ ሕዋሳትም መራመጃ ወለል ይሆናቸዋል። የደም ሥር ስለሌለውና የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ አካል አጥብቆ ስለማይቃወመው የሌላ ሰው ቢሆንም ብዙ ችግር አያመጣም።

በዓይን ላይ ሥራው ይለያል። በዚያ የሚፈለገው ጠባሳ እንዳይበዛ ነው፤ ሽፋኑም ፋይብሮብላስቶችን ወደ ጠባሳ ሠሪነት የሚገፋውን ምልክት ይገታል። በአማራ ክልል ትራኮማ ስንቱን እንዳሳወረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ዓይንን እየፋቀ ሳለ ሽፋን ብቻውን አይረዳም፤ የቆቡ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት «ወንጌለ ሕይወት» በተባለው መልእክታቸው ሕያዋን ፅንሶችን የአካል ወይም የሥጋ ምንጭ አድርጎ መጠቀምን አውግዘዋል። ከሕያው ልደት በኋላ የወጣ የእንግዴ ልጅ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሕፃኑ ተወልዷል፤ እናቲቱም አንዳች አይጐድልባትም። በውርጃ የተገኘውን ግን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግ አይቻልም። እኚሁ ጳጳስ በነሐሴ 2000 (እ.ኤ.አ.) ስለ ንቅለ ተከላ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ሲናገሩ የሰው አካል ለንግድ መቅረቡን አልተቀበሉም፤ የሰጪውንም ፈቃድ የግድ አድርገዋል። ስለሆነም እናቲቱ ምጥ ሳይይዛት፣ ለምን እንደሚፈለግ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት፣ ወድዳ ብትሰጥ መልካም ነው። መቅበር እፈልጋለሁ ብትልም የወላዶችዋን ልማድ ማክበርዋ ነውና ሊነቅፋት የሚገባ የለም፤ ሕክምናዋም በዚህ ምክንያት ሊጓደል አይገባም።

አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር፦ ይህን ያነበበ ሰው እርጥብ የእንግዴ ልጅ ወስዶ በቃጠሎ ወይም በቁስል ላይ እንዳያደርግ። ለሕክምና የሚውለው ሽፋን ብዙ ጊዜ በቀጠሮ በቀዶ ሕክምና ከወለደች እናት የሚወሰድ ነው፤ ደሟ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሽፋኑም ታጥቦ በጀርም ገዳይ መድኃኒት ይጸዳል፤ ከዚያም በብርድ ወይም በማድረቅ ይቀመጣል። ልጅ በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ሲቃጠል ቤተ ሰቡ የሚያደርገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።