የሽንት ወረቀት ቀለምና የመተማ ሙቀት፦ ኪቶሲስን በምን እናውቃለን?

የሰው አካል ዋነኛ ነዳጅ ግሉኮስ ነው። ከምግባችን ካርቦሃይድሬት ሲጓደል፣ ወይም ሳንበላ ስንቆይ፣ በጉበት የተከማቸው 100 ግራም ገደማ የሚሆን ግላይኮጅን በአንድ ቀን አካባቢ ይመናመናል። ያን ጊዜ ጉበት ከስብ ኪቶን የተባሉ ውሁዶችን ያዘጋጃል። እነዚህም አሴቶአሴቴት፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትና አሴቶን ናቸው። በደም ውስጥ መጠናቸው 0.5 ሚሊሞል በሊትር ሲደርስ ሰውየው ኪቶሲስ ውስጥ ገብቷል ይባላል።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የዕለት ምግብ የማሽላ እንጀራ ነው። ከ100 ግራም የማሽላ እህል ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ኪቶሲስን የሚያስከትለው አመጋገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ50 ግራም አያሳልፍም። በአንጻሩ በዚያው ምድር የሚበቅለው ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። እንግዲህ ክብደት ለመቀነስ ሲል እንጀራ የተወ ሰው ኪቶሲስ ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል?

ስሜት ምስክር ይሆናልን?

የአፍ መድረቅ፣ ጥም፣ ራስ ምታትና ድካም የኪቶሲስ ምልክቶች ተብለው ይጠቀሳሉ። ነገር ግን ሙቀቱ በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት አገር የውኃ እጥረትም እነዚሁኑ ያስከትላል፤ ራስ ምታትና ድካም ደግሞ የወባም ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ በስሜት ብቻ መፍረድ አይቻልም። የአሴቶን ሽታ ያለው ትንፋሽ የተሻለ ፍንጭ ነው፤ መጠኑን ግን አይነግረንም።

ቀለሙ የሚለካው ምንድን ነው?

በሽንት መመርመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ናይትሮፕሩሳይድ ከአሴቶአሴቴት ጋር ሲገናኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ቀለሙ የሚያሳየው በሽንቱ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የኪቶን ብዛት ሳይሆን በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን ክምችት ነው። የሁለቱን ልዩነት በስሌት እንመልከት።

የአንድ ሰው ኩላሊት በሰዓት 0.12 ሚሊሞል አሴቶአሴቴት ያስወግዳል እንበል። በቂ ውኃ ጠጥቶ በሰዓት 80 ሚሊሊትር ከሸና ክምችቱ 1.5 ሚሊሞል በሊትር ይሆናል። በሰሊጥ ማሳ ውሎ በላብ ውኃው ቢያልቅና ሽንቱ ወደ 30 ሚሊሊትር ቢቀንስ ክምችቱ 4 ይደርሳል። ወረቀቱ ከ«ጥቂት» ወደ «መካከለኛ» ተሻገረ፤ የሚወገደው ኪቶን ግን ቅንጣት አልጨመረም። የጨመረው ጥም ነው!

ከዚህም ሌላ ወረቀቱ በደም ውስጥ የሚበዛውን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትን ፈጽሞ አያይም። አብዛኞቹ ወረቀቶች ከ30 ዲግሪ በታች፣ ከእርጥበት ርቀው እንዲቀመጡ የተሠሩ በመሆናቸው፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የከረመ ብልቃጥ ሐሰተኛ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ይበልጥ የሚታመነው ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትን ከጣት ደም የሚለካው መሣሪያ ነው። በአመጋገብ የሚመጣ ኪቶሲስ በዚህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል በሊትር ያሳያል።

ኪቶሲስና ኪቶአሲዶሲስ አንድ አይደሉም

ጤናማ ሰው ጥቂት ኢንሱሊን ስለሚያመነጭ የኪቶን ምርቱ ልጓም አለው። ኢንሱሊን በሌለበት ልጓሙ ይበጠሳል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ሕይወትም ያልፋል። ይህ ኪቶአሲዶሲስ ነው። ሰውነቱ ከሲታ መሆኑ ማንንም ከስኳር በሽታ ነጻ አያደርግም። በጎንደር ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው በርካታ ሕሙማን ቀጫጭንና ድሆች መሆናቸውን አመልክቷል።

ስለሆነም ወረቀቱን የሚጠቀም ሰው በመጀመሪያ በቂ ውኃ ይጠጣ፤ ብልቃጡን በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ያስቀምጥ፤ ቀለሙንም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሰከንድ ያንብብ። የስኳር ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ምክር እንጀራውንም ሆነ ኢንሱሊኑን አይተው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ሲታከል ግን ቀለም የሚመረመርበት ጊዜ አይደለም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።