የስኳር በሽታና የደም ሥር

የስኳር በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ውሃ ጥምንና ሽንት ማብዛትን ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታው ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው በደም ሥር ላይ ነው። እንዴት? እስቲ እንመልከት።

የደም ሥር እንደ ቧንቧ ግዑዝ ነገር አይደለም። በዙሪያው እንደ መቀነት የተጠመጠመ ጡንቻ አለው። ጡንቻው ሲጠብቅ የደሙ መንገድ ይጠባል፤ ሲላላ ይሰፋል። ጡንቻው የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው።

ጡንቻውን «ጥበቅ!» ብሎ የሚያዘው ካልስየም ነው። ካልስየም በወተት፣ በኖራ ድንጋይና በአጥንት ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። በሰውነታችን ካለው ካልስየም ከ100 እጅ 99ኙ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ጥቂቱ ግን በደም ይዞራል። በሕዋሱ ልባስ ላይ ለካልስየም የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ካልስየም ይገባል፤ ጡንቻውም ይጠብቃል። ከዚያ ሕዋሱ ካልስየሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ወይም በውስጡ ባለው ጎተራ መልሶ ይከተዋል። ያን ጊዜ ጡንቻው ይላላል። ጡንቻው ሲያርፍ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ልቅ ካልስየም ከውጭው 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል።

በደም ውስጥ ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ይህ ሥርዓት ይዛባል። በሮቹ ከሚገባው በላይ ይከፈታሉ። «ላላ» የሚል መልእክት የሚልከው የሥሩ የውስጥ ሽፋንም ይደክማል። ሥሩ እንደ ጠበቀ ይቆያል፤ የደም ግፊት ይጨምራል። ውሎ አድሮም ካልስየም በሥሩ ግድግዳ ላይ፣ በተለይ በእግር፣ እየተጋገረ ያደርቀዋል። እግር በቂ ደም ያጣል። በሽታው ነርቭንም ስለሚጎዳ እግር ይደነዝዛል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እሾህ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ቁስሉ አልድን ብሎ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

«ታዲያ ወተት እንተው?» የሚል አይጠፋም። የለም! ጥፋቱ የወተቱ አይደለም፤ የበሩ ነው።

አምሎዲፒን የተባለው የግፊት ኪኒን የሚሠራው እነዚህን የካልስየም በሮች በመዝጋት ነው። ስኳሩን ግን አይቀንስም። ስለዚህ የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ኢንሱሊኑን ወይም የስኳር ኪኒኑን አያቋርጥ።

ማታ ማታ እግርን መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ውስጥ እግርንም በብርሃን ማየት ነው። ዓይኑ የደከመ ልጁን ያሳይ። የደነዘዘን እግር እሳት ዳር ማሞቅ አደገኛ ነው፤ ሲቃጠል አይታወቅም። ትንሽም ቁስል ብትሆን ሳትውል ሳታድር ለጤና ጣቢያ ትታይ።