ከጨንቻ ወርደው ለሚበሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጨንቻ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዬን አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ አቁሜ ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ባትሪውን ሙሉ ላድርገው ወይስ እዚያው ቻርጅ ላድርግ?

መልስ፦ እዚያ ቻርጅ አደርጋለሁ ብለው አይነሱ። ለመመለሻ የሚበቃዎትን ከቤትዎ ይዘው ይውረዱ፤ ግን 100 ፐርሰንት አይሙሉት። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2700 ሜትር፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መቀበያ ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ከ60 እስከ 70 ፐርሰንት ይዘው ይነሱ። ሙሉ ባትሪ በአርባ ምንጭ ሙቀት ለቀናት ሲቆም ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ ጥላ ይፈልጉለት። ካሜራውንና በስልክ መከታተያውን ያጥፉ፤ ቆሞ እያለ ባትሪ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ዋናው ጭንቀት መመለሻው ነው። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የመንገዱ ፍጆታ ሲጨመር ከ13 አያንስም። ባትሪዎ 50 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ፣ ሲመለሱ ከ40 ፐርሰንት በታች ካገኙት ከተማ ውስጥ ቻርጅ ሳያደርጉ ዳገቱን አይጀምሩ።