ወሩን የሚያውቅ ጓዳ

አነቃቂ ተናጋሪዎች «ስኬት የምትሹ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ» ይሉናል። ይህ ምክር ማንኩሳ ላይ ቢነገር ሳቅ ያስነሳል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ባለችው በዚያች ከተማ ዙሪያ 11 ሰዓት ላይ ያልተነሳች እናት ብትገኝ አንድም አራስ ናት፣ አንድም አሟታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳን ያወቃት አንባቢ ብዙ ነው፤ እኔ ዛሬ የምወስዳችሁ ወደ ጓዳዋ ነው።

በከተማውም ያው ነው። ባል መምህር፣ ሚስት ነርስ ከሆኑ ልጅ አጥበው፣ ምሳ ቋጥረው፣ ራሳቸውም ሥራ ለመድረስ የሚጣደፉት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ስለዚህ ይህን ገጽ የሚያነበው ሰው ሰነፍ ነው ብዬ አልነሳም። የሚያደክመን ሥራው ሁሉ በአንድ ቀን መምጣቱ ነው። በርበሬው ያለቀ ዕለት ሽሮውም ያልቃል። እንግዳ የመጣ ዕለት ጤፉ አልተፈጨም። እንጨቱ የሚያጨሰው ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ ቤት ውስጥ ባሉበት ነው። ያኔ ከሱቅ በግማሽ ኪሎ፣ አለፍ ሲልም በሲኒ መግዛት ይጀመራል። የደመወዝተኛ ብር ሳይታወቅ የሚያልቀው በዚያ ሲኒ ነው።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኑሮ ነገር ለሁላችንም ግልጽ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ እዚሁ ቡሬ ደጃችን ላይ ቢሆንም የዘይትን ዋጋ እኛ አንወስንም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ወዲህም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቁ ባዶ ሲሆን፣ ባለሱቁም ያለችውን በፈለገው ዋጋ ሲሸጥ አይተናል። በእጃችን የቀረው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ፤ እሱም መቼ እንደምንገዛና መቼ እንደምንሠራ መወሰን ነው። ይህ ትንሽ ሥልጣን አይደለም። ጥር ላይ የገባ እህልና ነሐሴ ላይ የተገዛ እህል ዋጋቸው ለየቅል መሆኑን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ለጓዳ ሥራ ወር አለው። ወሩን የያዘ ቤተሰብ በዚያው ደመወዝ ይጠግባል።

ከበርበሬ ልጀምር፤ እዚህ አገር ሌላ ከምን ይጀመራል? ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ በርበሬያቸው የታወቀ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ የተተከለው በጥቅምት ይቀላል፣ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ዛላው ከገበሬው እጅ የሚገዛው በእነዚህ ሦስት ወራት ነው። ክረምት ላይ የተፈጨ በርበሬ በኪሎ የሚገዛ ሰው የነጋዴውን ትርፍም የወፍጮውንም ይከፍላል፤ አንዳንዴም ለሸክላ ዱቄት የበርበሬ ዋጋ ይከፍላል።

ዛላ ስትመርጡ ቀለሙ አያታላችሁ። አንዱን አንስታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ፍሬው ከተንኳኳና በጣት ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ቆዳ ከተለመጠ እርጥበት አለው፤ ሚዛኑ ላይ ውኃ እየገዛችሁ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ከውጭ ደም መስሎ ከውስጥ ግራጫ ሻጋታ የያዘ ዛላ ሞልቷል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ መርዙንም ማመስም መፍጨትም አያስለቅቀውም። በባዶ መሬት ላይ ከተሰጣው ይልቅ በሸራ ወይም በቆጥ ላይ የደረቀውን ፈልጉ። ሻጋታ ያለበት በርበሬ በነፃም ቢሰጣችሁ ውድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው ሰውን የሚያስፈራው። መቀንጠሱ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር መደለዙ፣ ታፍኖ ማደሩ፣ እንደገና መሰጣቱ፣ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን አምሶ ወፍጮ ቤት መሰለፉ። (ዝንጅብሉ ላይ አትሰስቱ፤ ቁጠባ እዚያ ላይ አይጀመርም።) ለብቻ ሲሠሩት ሳምንት ይፈጃል፤ እጅ ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል። ታዲያ እርሻው ላይ ወንፈል የለመደ አገር ጓዳው ላይ ለምን ብቻውን ይቆማል? ሦስት ጎረቤት ተስማሙ። በዚህ ቅዳሜ የአንዷን ቤት በርበሬ፣ በሚመጣው የሁለተኛዋን፣ ከዚያም የሦስተኛዋን ጨርሱ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት እጅ የሚቀነጥሰው ዛላ ለብቻ ቢሆን የስንት ማታ ሥራ እንደሚሆን አስቡት።

ስድስት እጅ ስል ባሎችንም ቆጥሬ ነው። «አያ፣ ደግሞ በርበሬ ቀንጣሽ ሆንክ?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይሳቅ። ሞፈር የያዘ እጅ ዛላ ቢይዝ አይሰበርም፤ ልጆቹም አባታቸውን ሲያዩ ከመታዘዝ በፊት ይቀመጣሉ። አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ከመጀመራችሁ በፊት እጃችሁን ዘይት ቀቡ፤ ስትጨርሱም መጀመሪያ በዘይት አሽታችሁ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። የበርበሬ ማቃጠያው በውኃ ብቻ አይለቅም፣ በዘይት ግን ይሟሟል።

ወደ በቆሎ እንምጣ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው፤ የበቆሎ ጠላት ደግሞ ነቀዝ ነው። ጤፍና ዳጉሳ ቅንጣታቸው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍራቸውም፣ በደንብ ከደረቁ ዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ ሁሉም እህል ያለበት ቤት በቆሎውን አስቀድሞ ይብላ፣ ዳጉሳውን ለክፉ ቀን ያቆይ። የበቆሎ እንጀራ ይደርቃል የሚል ካለ አብሲቱን ያጠንክር። ከቦካው ሊጥ ላይ ጭልፋ ጭልፋ እያደረጉ በፈላ ውኃ አብስሎ፣ አቀዝቅዞ መልሶ መቀላቀል ነው። ከጤፍ ጋር እኩል ተደባልቆ እንደዚህ የተጋገረ እንጀራ እስከ ማታ አይሰነጣጠቅም። የተረፈውን አስጥታችሁ ድርቆሽ አድርጉት፤ ጠዋት ለሚቸኩል ቤት ከዚህ የፈጠነ ፍርፍር የለም።

ነቀዝ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአሮጌው እህል ነው። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኅዳር 12፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ጠርጎ ማጠን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልማዳችን ነው። አዲሱ በቆሎ ወደ ቤት የሚገባውም በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ቀን ጎተራውንም አራግፉ፣ ስንጥቁን በጭቃና በእበት ለስኑ፣ ያለፈውን ዓመት ጆንያ በፈላ ውኃ ቀቅላችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። አሮጌ ፍሬ አንድም አይቅር።

በቆሎው መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ባዶ የአረቄ ጠርሙስና ጨው ይበቃል። ጠርሙሱ ይታጠብና ጠፈፍ ሳይሆን ፍጹም ይድረቅ። ሲሶውን በቆሎ ሙሉበት፣ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ለጎተራ አልደረሰም፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ሳይለጠፍ ከወረደ ወደ ጎተራ አስገቡት። ይህን ሥራ ለልጆች ስጧቸው። የሳይንስ ትምህርት ከደብተር ወጥቶ ቤት የሚገባው እንዲህ ነው።

ከደረቀ በኋላ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ገበሬው ፒክስ የሚለው፣ ዋጋውን ያወጣል። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና በካሜሩን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአደንጓሬ ዘመድ ለሆነ እህል የተጀመረ ነው። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች ለየብቻ አየራቸው ተገፍቶ፣ አንገታቸው ተጠምዞና ታጥፎ ይታሰራሉ። ውስጥ የቀረ ነቀዝ አየር አጥሮት ይሞታል፤ መድኃኒት የሚባል ነገር አይገባም። ከመሙላታችሁ በፊት ግን ነፍታችሁ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ በርብራብ ላይ አኑሩት፣ ከአይጥም ጠብቁት። ለእህል የሚሸጠውን የጋዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ማስቀመጥ ግን ሞት ነው። ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ የተኛውን ሕፃንም ይገድላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ቃል የለኝም።

ሽሮ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጥርና በየካቲት መጀመሪያ ይደረግ። አተሩና ሽምብራው አዲስ ነው፣ ፀሐዩም አለ፤ ለመከካትም ለማስጣትም ይመቻል። ርካሽ ሽሮ በዱቄቱ ስትገዙ ጓያ እንዳልበዛበት ጠይቁ፤ ጓያ ለብዙ ሳምንት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል። ማንጎው ደግሞ የፋሲካ ማግስት ጸጋ ነው። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ሲረክስ ሳሳ አድርጋችሁ ቆራርጡና ሎሚ ነክራችሁ በወንፊት ጨርቅ ሥር አድርቁት፤ የልጆች መክሰስ ይሆናል። ዱባ ከነእጀታው ከተቆረጠ ለወራት ይቀመጣል። እንጨት ግንቦት ላይ ተፈልጦ ከጣሪያ ሥር ይደርደር። ጓሮ ላይ ጎመንና በሶብላ ለመትከል ጊዜው የክረምት የመጀመሪያው ዝናብ ነው፣ ለዚህም ማሳ አያስፈልግም፤ የተቀደደ ጀሪካን ይበቃል።

ጊዜ ለሌለው ቤት ከሁሉ የምወድላችሁ ግን የጭድ ቅርጫትን ነው። አውሮፓውያን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ማገዶ ሲጠፋባቸው በዚህ ዘዴ ያበስሉ ነበር። እኛ ደግሞ ጭዱም ቅርጫቱም አለን። ትልቅ ቅርጫት ወይም ጠንካራ ካርቶን አግኙ። ታችና ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቃችሁ መሐሉ ላይ የድስታችሁን ልክ ጎድጓዳ ቦታ ተዉ። በአሮጌ ጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ጭድ ሙሉና ለላይኛው ክዳን አድርጉት። ምስሩን ወይም ቅንጬውን ጠዋት በእሳት ላይ አስር አስራ አምስት ደቂቃ አፍሉት፤ ድስቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የሞላ፣ ክዳኑም ገጣሚ ይሁን። ከእሳት እንደወረደ ወደ ጭዱ ይግባ፣ ከላይ ይከደን፣ ማንም እንዳይከፍተው። ሻይ ፔርሙዝ ውስጥ የሚቆየው በምን ሆነና፣ ይህም በዚያው ነው። ለምሳ ስትመለሱ ምግቡ በስሏል፤ እንጨቱም፣ ጭሱም፣ አጠገቡ ቆሞ የሚያማስል ሰውም ቀርቷል። ከመብላታችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ አፍሉት። ቦሎቄ ከሆነ ሌሊት ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ፣ ወደ ጭድ ከመግባቱም በፊት ሙሉ አስር ደቂቃ ይንተክተክ፤ ጥሬው ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ለእንጀራው ደግሞ ምርጥ ምድጃ የተባለው ባለ ሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያተርፋል።

«ጥር ላይ ለመግዛት ጥር ላይ ብር የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። መልሱ ዕጣ የማይወጣበት እቁብ ነው። አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆናችሁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየወሩ የአቅማችሁን አኑሩ። ጥር ላይ ገንዘቡን ሳትከፋፈሉ በአንድ ላይ ከገበሬው ግዙበትና እህሉን ተካፈሉ። የተለመደው እቁብ ዕጣው ሰኔ ላይ ቢወጣልህ በሰኔ ዋጋ ነው የሚገዛልህ፤ ይሄኛው ሁሉንም እኩል በመኸር ዋጋ ያስገባል። መኪናውንም አንድ ጊዜ ተከራይታችሁ ትጨርሳላችሁ።

ሁሉንም በዚህ ዓመት ልሥራ አትበሉ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ዛሬ ማታ እራት ሲነሳ የግድግዳውን ካላንደር አውርዱና ቤተሰቡ በሙሉ ይክበበው። በሚመጣው ወር ላይ አንድ ሥራ ብቻ ጻፉ፤ ጥቅምት ከሆነ ዛላውን፣ ኅዳር ከሆነ ጎተራውን፣ ግንቦት ከሆነ እንጨቱን። ከሥራው ጎን የሚሠራውን ሰው ስም አስፍሩ፤ በየወሩ የእናት ስም ብቻ እንዳይሆን አደራ።