መሪ ከኋላ የቀረውን ያያል

ልጆች ሆይ፥ ትምህርት ማለት በወንበር ተቀምጦ መጽሐፍ ማንበብ ብቻ አይደለም። ለሚያስተውል ሰው ተራራውም፥ ወንዙም፥ ዝናሙም መምህር ነው። ይልቁንም ሰውን የመምራት ጥበብ የሚለመደው በቃል በማጥናት ሳይሆን በመንገድና በሜዳ በመሥራት ነው።

አባቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን ዱላ ይዞ ከወላጆቹ አገር ርቆ ይሄዳል። ጎጆውን ከባልንጀሮቹ ጋር ይሠራል፤ ምግቡን በየደጁ ለምኖ ያገኛል፤ ብዙ የተማረውም ጀማሪውን ያስተምራል። በወሎ የእስልምና ትምህርት የሚማረው ደረሳም እንዲሁ ዕውቀትን ፍለጋ ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ ይጓዛል፤ የመንደሩም ሰው ይመግበዋል። ረኃብና ብርድ ሲመጣ ማን ታጋሽ፥ ማንስ ለባልንጀራው አሳቢ እንደ ሆነ በዚያ ይታወቃል።

በ1899 ዓ.ም. ባደን ፓወል የተባሉ የእንግሊዝ ጄኔራል ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወሰዱ። ከነዚያም የባለጸጋ ልጆች ነበሩ፤ የሠራተኛም ልጆች ነበሩ። ጄኔራሉ በአራት ጭፍራ ከፈሏቸው፤ በየጭፍራውም ከራሳቸው መካከል ታላቁን ልጅ አለቃ አድርገው ሾሙ። ልጆቹ በድንኳን አደሩ፤ እሳት ማንደድንና ምግብ ማብሰልን ተማሩ። ከዚህም የስካውት ማኅበር ተነሣ፤ ቈይቶም ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዐሥር ታናናሽ ልጆችን መርቶ ከቦሩ ሜዳ ወደ ደሴ ይሄዳል እንበል። ወሩ ሐምሌ ነው። ብርቱዎቹ ልጆች ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ እግሩ የቈሰለ አንድ ሕፃን ግን ከኋላ ቀረ። መሪው ሁሉን አቆመና ያን ሕፃን ከፊት አደረገው፤ የሁሉም እርምጃ በእርሱ እርምጃ ልክ ሆነ። ከጓዙ መጨረሻም አንድ ጠንካራ ልጅ እንዲጠብቅ አዘዘ።

ወደ አንድ ጅረት ደረሱ። በላያቸው ፀሓይ ነበረ፤ በተራራው ራስ ላይ ግን ደመናው ጠቍሮ ነበር። መሪው ውሃው መደፍረሱንና ጭራሮ ይዞ መምጣቱን አየና፥ «ከፍ ካለው ስፍራ ተቀመጡ፤ አንሻገርም» አለ። ልጆቹ፥ «ፈሪ ነህ፤ ውሃው ከጉልበት አይደርስም» ብለው አፌዙበት። እርሱ ግን አልተቈጣም፤ ቃሉንም አልለወጠም። ጥቂት ቈይቶ ደራሹ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ያፌዙት ልጆች ዝም አሉ።

ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ነው። በደሴ ዙሪያ በደጋው የዘነመው ዝናም በቦርከና ወንዝ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በታች ያለ ሰው በላዩ ሰማይ ጠራ ብሎ መታለል የለበትም። መብረቅም በሚበዛበት ጊዜ ብቻውን በሜዳ ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው።

እንግዲህ መሪ የሚባለው ቀድሞ የደረሰው አይደለም። ሲነሣና ሲደርስ ባልንጀሮቹን የሚቈጥር፥ ስንቁን እኩል የሚያካፍል፥ ለደካማው የሚያስብ፥ ስለ ሰው ደኅንነት መሰደብን የሚታገሥ እርሱ መሪ ነው። አንተም ነገ ከታናናሾችህ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ዘወር ብለህ ተመልከት፤ የቀረ ቢኖር ጠብቀው።

ጥያቄ።
1. መሪው እግሩ የቈሰለውን ሕፃን ከፊት ያደረገው ስለ ምንድር ነው?
2. ደራሽ እንደሚመጣ በምን ዐወቀ?
3. ልጆቹ ፈሪ ባሉት ጊዜ ምን አደረገ?