«ሠለጠነ» ሲባል በምን ላይ?

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በሀገራችን የታተሙትን ጋዜጦችና መጽሔቶች ገልጦ የሚመለከት ሰው አንድ ቃል ከገጽ ወደ ገጽ ሲመላለስ ያገኛል፤ ይኸውም «ሥልጣኔ» የሚለው ነው። በአዲስ ዘመንም ሆነ በመነን፥ ስለ ትምህርት ቤት መከፈት ወይም ስለ መንገድ መጠረግ ሲጻፍ ይህ ቃል ከሩቅ አይጠፋም ነበር። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ግን አልፈጠሩትም፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም በነበረው በብርሃንና ሰላም ጋዜጣም ይሠራበት ነበር፤ ሥሩም ከዚያ ዘመን እጅግ ይርቃል።

«ሥልጣኔ» ከ«ሥልጣን» ጋር የአንድ ግስ ልጅ ነው፤ በአወጣጡም ቅዳሴን፥ ውዳሴንና ኵነኔን ይመስላል። ግሱ «ሠልጠነ» ገዛ፥ አዘዘ፥ በላይ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ የዚህን ግስ ጠባይ እናስተውል፤ ብቻውን መቆም አይወድም፤ «በምን ላይ? በማን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ሥልጣን ሲሰጥ በአጋንንትና በደዌ ላይ እንደ ሆነ ወንጌላዊው ሉቃስ ይነግረናል። በየቤታችንም «በሽታው ሠለጠነበት»፥ «ክፉ ልማድ ሠለጠነበት» እንላለን፤ የእጅ ሥራ ያወቀውንም «በሙያው የሠለጠነ» እንለዋለን። በእነዚህ ሁሉ ገዢውም ተገዢውም ተለይተው ይታወቃሉ።

በጋዜጣውና በመጽሔቱ ቋንቋ ግን ይህ ግስ ብቻውን መቆምን ለመደ። ክቡር ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል ነው፤ አርእስቱ ሀገሪቱን ይጠራል እንጂ «በምን ላይ» አይልም። በዚያ ጊዜ አንባቢው ጐደሎውን በልቡ ይሞላው ነበር፤ በድንቁርና ላይ፥ በድህነት ላይ፥ በበሽታ ላይ ብሎ ይረዳ ነበር። ይህም መልካም ምኞት ነበር። ሕፃናትን በሚፈጅ ደዌ ላይ በመድኃኒት መሠልጠን እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ሥልጣን የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ማንም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሊነቅፈው አይገባም።

ጉዳቱ የመጣው ጐደሎውን የሚሞላው ሰው በጠፋ ጊዜ ነው። «በምን ላይ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ቃል በልብስና በአነጋገር መመዘን ጀመረ። ከተሜው ባላገሩን «ያልሠለጠነ» አለው፤ ልጅም በእናቱ ጓዳና በአባቱ ቀሚስ ማፈርን ተማረ። ዘሩን፥ ወራቱንና አፈሩን ለይቶ የሚያውቅ፥ በጎረቤቱም ድንበር ላይ የማይገፋ ገበሬ «ያልሠለጠነ» ከተባለ፥ በመኪና ተቀምጦ በቍጣውና በመጠጡ የሚገዛው ሰው ምን ሊባል ነው? ለሰው አገልግሎት የተሰጠ ሥልጣን በሰው ላይ መገፊያ ሆነ ማለት ነው።

መጽሔቶቹ በዚህ ቃል በሚጽፉበት በዚያው ዘመን፥ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ ግስ በሁለት ስፍራ ከነሙሉ ጠባዩ አኑሮልናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ጌታ የአሕዛብ መኳንንት በሕዝባቸው ላይ እንደሚሠለጥኑ ተናግሮ፥ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ግን ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ እንዲሆን አዘዘ። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ሁሉ ቢፈቀድለትም ምንም ነገር በእርሱ ላይ እንዳይሠለጥን አስጠነቀቀ። ፊተኛው በወንድም ላይ መሠልጠንን ይከለክላል፤ ሁለተኛው በራስ ላይ የሚሠለጥነውን ነገር ሁሉ እንድንቃወም ያስተምራል።

ስለዚህ የቀድሞውን መጽሔት ስናነብ፥ በዐውደ ምሕረትም ቆመን ስናስተምር፥ ይህ ቃል በመጣ ቍጥር የተቈረጠውን ክፍሉን እንመልስለት። «ሠለጠነ» ሲሉን «በምን ላይ?» እንበል፤ መልሱ በድንቁርና፥ በደዌና በራስ ምኞት ላይ ከሆነ እናመስግን፤ በወንድማችን ላይ ከሆነ ግን እንዘንበት። «ያልሠለጠነ» የሚለውም ነቀፋ ከአፋችን ሳይወጣ በፊት፥ በእኛ ላይ የሠለጠነውን አስቀድመን እንመርምር። በራሳችን ላይ እንድንሠለጥን የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።