ኮከብሽ ምንድን ነው? ስለ ምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ አሠራርና ስለሚሰጠው መጽናናት

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ደጋግመን ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኮከብሽ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አሳብ የለውም፤ ጨዋታ መጀመሩ ነው። ተጠያቂው ግን የልደት ቀኑን ተናግሮ ኮከቡ ከተነገረው ጊዜ ጀምሮ በጋዜጣ ወይም በስልክ የሚወጣውን የኮከብ ዓምድ በየማለዳው ማየት ይለምዳል። ልማዱም ቀስ በቀስ መጽናኛ ይሆነዋል። በዚህ ትምህርት ነገሩን በችኮላ ሳንነቅፍና ሳናደንቅ፣ አሠራሩ ምን እንደ ሆነና መጽናናቱም ከየት እንደሚመጣ በቅደም ተከተል እንመረምራለን።

ለመነሻ ያህል ከመካከላችን የአንዲት እኅትን ነገር ስሟን ሳንጠራ እናንሣ። ይህች እኅት የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ማለዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ በባቡር ውስጥ የኮከብ ዓምድ ታነብ ነበር። በመኖሪያ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ሴፕቴምበር 15 ስለ ሆነ ኮከቧ ሰንቡላ ነው ተብላለች። ዓምዱ አንድ ቀን «ለሌላው ብዙ ትደክሚያለሽ፤ ድካምሽን የሚያይልሽ ግን የለም» ቢላት ዕንባዋ መጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሴት ልጇ ለትምህርት ቤት ሥራ የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ስታነጻጽር አንድ ስሕተት አገኘች። እናቷ የተወለደችው መስከረም 15 ቀን ነው። ወረቀቱን የሞላው ጸሐፊ መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ተወው እንጂ፣ መስከረም 15 በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25፣ በዘመነ ዮሐንስም 26 ነው። ስለዚህ ኮከቧ ሰንቡላ ሳይሆን ሚዛን ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው ኮከብ ስታነብ ኖራለች ማለት ነው። እኅታችን ይህን ስትሰማ በመጀመሪያ ሣቀች፤ ቀጥላም «ታዲያ ያን ጊዜ ያጽናናኝ ማን ነበር?» ስትል ጠየቀች። የዚህ ትምህርት ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

ሀ. አሠራሩ

ፀሐይ በዓመት ውስጥ በከዋክብት መካከል የምትሄድበት የሚመስል መንገድ አለ። ይህን መንገድ 12 እኩል ቦታ የከፈሉት ባቢሎናውያን ሲሆኑ፣ ጊዜውም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ሙሉው ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ክፍል 30 ዲግሪ ይደርሰዋል። በእኛ መጻሕፍት ስማቸው ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ እና ሑት ይባላል፤ አብዛኞቹ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ከባቢሎን የተገኘውን ዕውቀት ግሪኮች በግብፅ ምድር አስፋፉት። በሁለተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የእስክንድርያው በጥሊሞስ በአራት ክፍል በጻፈው መጽሐፍ ሥርዐት አስያዘው። ዛሬ ምዕራባውያን የሚጠቀሙበት ሥርዐት በአብዛኛው ከዚያ የወረደ ነው።

የሥርዐቱ ምሰሶዎች አራት ናቸው።

1ኛ. ዐሥራ ሁለቱ ክፍሎች። እነዚህ በአራቱ ባሕርያት ይመደባሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ጀውዛ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ ዐቅራብና ሑት ውኃ። ከዚህ ተነሥተው እሳቱን ቁጡ፣ መሬቱን ጽኑ፣ ነፋሱን ተናጋሪ፣ ውኃውን ርኅሩኅ ይሉታል።

2ኛ. ተንቀሳቃሾቹ ብርሃናት። የጥንቶቹ ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሮ ሰባት ነበሩ፤ ለእያንዳንዱም ሹመት ተሰጥቶታል። ዝሁራ የፍቅር፣ መሪኅ የጠብ፣ መሽተሪ የሀብት፣ ዙሐል የችግርና የትዕግሥት ናቸው። በ1781፣ በ1846 እና በ1930 እ.ኤ.አ. በቅደም ተከተል ዩራነስ፣ ኔፕቱንና ፕሉቶ ሲገኙ ለእነርሱም ሹመት ተጨመረላቸው።

3ኛ. ዐሥራ ሁለቱ ቤቶች። ሁለተኛው ቤት የገንዘብ፣ ሰባተኛው የትዳር፣ ዐሥረኛው የሥራና የክብር ይባላል። ቤቶቹ የሚቆጠሩት በልደት ሰዓት በምሥራቅ አድማስ ከሚወጣው ክፍል ጀምሮ ነው። «ሆሮስኮፕ» የሚለው ቃልም በግሪክኛ ሰዓትን የሚመለከት ማለት ነው።

4ኛ. በብርሃናቱ መካከል ያለው ማዕዘን። 60 እና 120 ዲግሪ ስምምነት፣ 90 እና 180 ዲግሪ ግን ግጭት ነው ይላሉ።

እንግዲህ ሙሉው ቆጠራ ዕለቱን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንና ቦታውን ይፈልጋል፤ በአድማስ የሚወጣው ክፍል በአማካይ በየሁለት ሰዓቱ ይለወጣልና። «ዶሮ ሲጮኽ ተወለድህ» ተብሎ ለተነገረው ሰው ይህን ማስላት ቀላል አይደለም። በጋዜጣ የሚወጣው ዓምድ ግን ከዚህ ሁሉ የሚወስደው ፀሐይ ያለችበትን ክፍል ብቻ ነው። የዓምዱም ታሪክ ጥንታዊ አይደለም። በነሐሴ ወር 1930 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ልዕልት ማርጋሬት ስትወለድ ሰንደይ ኤክስፕረስ የተባለው ጋዜጣ ኔይለር የሚባል ኮከብ ቆጣሪን ስለ ሕፃኗ ዕድል አስጻፈ። አንባቢው ስለ ወደደው ጽሑፉ ቀጠለ፤ ሌሎች ጋዜጦችም ተከተሉ።

በአገራችን ዐውደ ነገሥት በሚባለው መጽሐፍ ያለው አቈጣጠር ደግሞ የልደት ቀንን አይጠይቅም። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ፣ ደምሮ ለ12 ያካፍላል፤ ኮከቡንም ከቀሪው ያገኛል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንደኛው ሐመል፣ በሌላው ሑት ሊሆን ይችላል።

ለ. ሲመረመር

በመጀመሪያ የሰማዩን ነገር እንመልከት። የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የፀደይ መነሻ ነጥብ በከዋክብት መካከል በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። ምዕራባውያን ሐመልን የሚጀምሩት ከዚህ ነጥብ ነው። ከጥንት ጀምሮ ልዩነቱ እየተጠራቀመ ዛሬ 24 ዲግሪ ያህል ደርሷል። ስለዚህ ሴፕቴምበር 25 ቀን የተወለደ ሰው «ሚዛን» ቢባልም፣ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትታየው በሰንቡላ ከዋክብት ፊት ነው። ኮከብ ቆጣሪዎቹ «እኛ የምንከተለው ወቅትን እንጂ ከዋክብትን አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ የተሟላ አሳብ ነው፤ ነገር ግን «ኮከብህ» የሚለው ቃል ከሰማዩ ኮከብ መለየቱን ያሳያል።

አባቶችም ነገሩን ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል። ቅዱስ ባስልዮስ በስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ላይ በሰጠው ትምህርት፣ አዋላጇ የሕፃኑን መወለድ እስክትናገርና ቆጣሪው እስኪመለከት ድረስ ሰማዩ እንደሚያልፍ አስረድቷል። በወጣትነቱ ኮከብ ቆጠራን ይከተል የነበረው አውግስጢኖስ ደግሞ ሐሳቡን ካስለወጡት ነገሮች አንዱ በሁለት ወዳጆች ቤት በአንዲት ቅጽበት የተወለዱ የሁለት ልጆች ታሪክ እንደ ሆነ ጽፏል። አንደኛው የጨዋ ቤተ ሰብ ልጅ ሆኖ በክብር አደገ፤ ሁለተኛው የባሪያ ልጅ ስለ ነበረ ባሪያ ሆኖ ቀረ። የሁለቱ ሰማይ አንድ ነበር፤ ኑሯቸውን የለየው የሰው ሥርዐት ነው።

በዘመናችንም ሻውን ካርልሰን የተባለ ተመራማሪ ያደረገው ፈተና በ1985 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። 28 ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድ ሰው የልደት ሰማይና ሦስት የጠባይ መግለጫዎች እየተሰጧቸው ትክክለኛውን እንዲለዩ ተጠየቁ። ቢያንስ ግማሹን እናገኛለን ብለው ነበር፤ ያገኙት ግን ከሦስት አንድ ያህሉን ነው። ይህም ሳይመለከቱ በዕጣ ቢያወጡት የሚያገኙት ነበር።

ሐ. መጽናናቱ ከየት ይመጣል?

ለእኅታችን ጥያቄ የሚቀርበው መልስ በሌላ ፈተና ይገኛል። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባያቸውን መግለጫ ለየራሳቸው ሰጣቸው፤ ምን ያህል እንደሚስማማቸውም ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያም ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንደ ነበረ ገለጠላቸው፤ አብዛኛውንም ቃል የቀዳው በየመንገዱ ከሚሸጥ የኮከብ መጽሐፍ ነበር። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ሰው ሰፊ ቃል ሲሰጠው በራሱ ሕይወት ይሞላዋል። «ትደክሚያለሽ» የሚለውን ቃል ዓምዱ ለሁሉ ይናገረዋል፤ የደከመችው ግን እርሷ ናት። ዕንባውን ያመጣው የራሷ እውነት ነበር።

መጽናናቱ እንግዲህ ሐሰት ነው ልንል አንችልም፤ ምንጩን ግን እንለይ። አንደኛ፣ ዓምዱ «አንቺ» ብሎ ይጠራል፤ ቀኑን ሙሉ በቁጥር ብቻ ለሚጠራ ስደተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ለአንዲት ደቂቃ ቆም ብሎ ስለ ዕለቱ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ለመከራ ዳርቻ ያበጅለታል። ዙሐል ክቡን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ስለሚፈጅበት በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ «ይህ ችግር ዙሐል ሲያልፍ ያልፋል» መባል ጉዳዩ መቼ እንደሚያልቅ ለማያውቅ ሰው ዕረፍት ነው። አራተኛ፣ ጥፋትን ከሰው ትከሻ ያወርዳል። ዐጣርድ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል፤ የጠፋ ደብዳቤና የተበላሸ ቀጠሮ ሁሉ በእርሱ ይመካኛል። በእውነቱ ግን ወደ ኋላ አይሄድም፤ ፈጣን ባቡር ሲያልፈን የእኛ ባቡር ወደ ኋላ የሚሄድ እንደሚመስለን ያለ የእይታ ነገር ነው።

መ. ልናስተውለው የሚገባ

ሰማይን መመልከት በራሱ ነቀፋ የለበትም። ብርሃናት ለዘመንና ለዕለታት ምልክት እንዲሆኑ መፈጠራቸው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ተጽፏል፤ ባሕረ ሐሳባችንም በፀሐይና በጨረቃ አቆጣጠር አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥቶ አጽዋማትንና በዓላትን ይወስናል። ይህ ጊዜን መቁጠር ነው፤ ዕድልን መቁጠር ግን ሌላ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 47 ባቢሎንን የወቀሳት በከዋክብት ተመልካቾቿ ስለ ታመነች ነው።

አደጋው የሚጀምረው መጽናኛው ፈራጅ ሲሆን ነው። ሰው ማመልከቻውን ቀኑ ሳያልፍ ማስገባት ሲገባው «ጊዜው ለእኔ አይደለም» ብሎ ቢያቆየው፣ የታጨችለትን ልጅ ኮከቧ አይስማማም ብሎ ቢተው፣ ወይም በደቂቃ ለሚያስከፍል ጠንቋይ የላቡን ዋጋ ቢሰጥ፣ ያ መጽናናት ዋጋውን ጠየቀው ማለት ነው። ስለዚህ ዓምዱን የሚያነብ ሰው ሦስት ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህ ቃል ለጎረቤቴ ቢነገር አይስማማውምን? ይህን ባላነብ ኖሮ ዛሬ ምን አደርግ ነበር? ይህ ቃል ለሥራ ያነሣሣኛል ወይስ ያስቀምጠኛል?

ለወላጆችም አንድ መልመጃ እናቀርባለን። ልጆቻችሁ ስለ ኮከባቸው ሲጠይቋችሁ አትቈጧቸው። ያለፈውን ቀን 12 ዓምድ የኮከቦቹን ስም ቈርጣችሁ በማዕድ ላይ ዘርጉት፤ እያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል ያለፈውን ቀኑን የሚመስለውን ይምረጥ። ከዚያም ስሙን አመሳክሩ። ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ጨዋታ ያስተምራቸዋል።

እኅታችን ዓምዱን ማንበብ አልተወችም ነበር፤ «አሁን ግን ሁሉንም አነባለሁ፤ ዐሥራ ሁለቱም እኔን ይመስላሉ» ብላ ታጫውተናለች። እኛን ግን ያሳሰበን ሌላ ነው። «ድካምሽን የሚያይልሽ የለም» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ያገኘችው በእኛው መካከል እየኖረች ነው። ጋዜጣው የማያውቃት ሳለ ተናገራት፤ እኛ የምናውቃት ግን በየሰንበቱ ሰላምታ ሰጥተናት አለፍን። ከሌሊት ሥራ የምትመለሰውን እኅት በስሟ ጠርቶ «እንዴት አደርሽ፣ በረታሽ ወይ?» ለማለት ሰማይን መመርመር አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው እንዲህ ብንጠይቅ ትምህርቱ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።